አባቴ ሠርገኞቼን ያስቆመበት እሁድ

ባሌ በሠርጋችን ቀን ሊወስደኝ ሲመጣ በፍጥነት ራዳር ተያዘ። ያስያዘው ደግሞ አባቴ ነው። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ "እውነትሽን ነው?" ይለኛል፤ ከዚያ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ "እስቲ ከመጀመሪያው" ይላል። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ እንግዲህ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ የተሰጠውን የምስክር ወረቀት ሳሎናችን ውስጥ ከእናቴ ፎቶ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። እናቴ በየበዓሉ ቤት ስታጸዳ ፎቶዋን ከፍ፣ ወረቀቱን ዝቅ ታደርጋለች። እሱ ደግሞ በዓሉ ሲያልፍ ማንም ሳያየው ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። ወረቀቱ ላይ "ያለ አንዳች አደጋ" የሚል ሐረግ አለ። እንግዳ ሲመጣ አባቴ ይህችን ሐረግ በጣቱ እየነካ ያሳያል።

ሰፈራችን ከላፍቶ ወደ ለቡ በሚወስደው በኩል ነው። ልጅ ሳለሁ መንገዱ ጠባብና ጉድጓዳም ስለነበረ መኪና የሚያልፈው እየተጠነቀቀ፣ እያነከሰ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሰፋ፤ አስፋልቱ ተነጠፈ፤ መሃሉ ላይ ችግኝ ተተከለ። ደስ አለን። ደስታችን ግን ሳምንት አልሞላውም፤ መኪኖቹ መብረር ጀመሩ። ቁልቁለት ነው፣ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ሹፌሩ ባይፈልግ እንኳ እግሩ ይፈልጋል። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ድምፃቸውን እየሰማ ፍጥነታቸውን ይገምት ነበር።

"ይሄ ስልሳ ነው" ይላል። "ይሄ ደግሞ ሰባ አምስት።" ቀጥሎ አንዱ እያፏጨ ሲያልፍ ቁጥሩን ትቶ "ይሄስ እናት የለውም" ይላል።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን ቲቸር ተገጩ። ቲቸር የምንላቸው ግማሹን ሰፈር ሒሳብ ያስተማሩ፣ እኔንም የማባዣ ሠንጠረዥ እያስለፈለፉ ያሳደጉኝ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ዜብራ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽንኩርት ገዝተው ሲመለሱ ነው አንድ መኪና የገጫቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ከዚያ ወዲህ በክራንች ነው የሚሄዱት። አባቴ ሆስፒታል ጠይቋቸው የተመለሰ ዕለት ምሳ አልበላም። በማግስቱ ኮቱን ለበሰና ወጣ።

"ወዴት ነው?" አለችው እናቴ።

"ካሜራ ላመጣ።"

የፍጥነት ካሜራ ማለቱ ነበር። አንዳንድ መንገድ ላይ ተተክሎ አይቶ ነበርና እኛም ጋ እንዲተከል ሊጠይቅ ነው። ቀላል መስሎት ነበር። የመጀመሪያው ቢሮ፣ ይሄ የመንገድ ሰዎች ጉዳይ ነው አለው። የመንገዱ ሰዎች፣ እኛ መንገዱን እንሠራለን እንጂ በላዩ ላይ የሚሮጠው አይመለከተንም አሉት። ሦስተኛው ቢሮ፣ የሚሮጠው ይመለከተናል፤ ካሜራው ግን አይመለከተንም አለው። አራተኛው ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ላከው። እዚያ ሲደርስ በር ላይ ያለችው ልጅ "አባባ፣ ጠፉ እኮ!" ብላ በፈገግታ ተቀበለችው።

እንዲህ ሲመላለስ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ከራሱ ጋር ሲያወራ አንዲት ወጣት ትራፊክ ሳጅን ሰማችው። አጠገቡ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ካሜራው ሲመጣ ይመጣል" አለችው። "በእጅ የሚያዝ ራዳር ግን አለን። አንድ ስለሆነ ሰፈሮች በተራ ነው የሚደርሳቸው። ሰፈራችሁ ኮሚቴ ካቋቋመ፣ ቦታውንና ቀኑን ከመረጠ፣ ኃላፊነቱን ከወሰደ ይዤው እመጣለሁ።"

"ኃላፊነቱን ስትይ?"

"አብራችሁኝ ትቆማላችሁ ማለት ነው። ያዢ ያዢ ካላችሁኝ በኋላ 'ይሄ የኛ ሰው ነው፣ ልቀቂው' የሚል አይኖርም ማለት ነው።"

አባቴ እጇን ሁለት ጊዜ ጨበጣት። የዚያኑ ሳምንት የዕድራችን አዳራሽ ውስጥ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አባቴ ሰብሳቢ፣ ቲቸር ጸሐፊ ሆኑ። ቀኑን የመረጠው አባቴ ራሱ ነው። "እሁድ" አለ። "በተለይ በጥር። ሠርገኛ እንደ ጥይት ነው የሚያልፈው።" ቲቸር በዚያ ለጥቁር ሰሌዳ በተፈጠረ እጅ ጽሑፋቸው ቃል በቃል ጻፉት፤ ማህተም ተደረገበት፤ ለወረዳው ገባ። መልስ ግን ሳይመጣ ወራት አለፉ።

እኔ ደግሞ በእነዚያ ወራት ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ብስራተ ገብርኤል የሚኖር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ዝምተኛ ልጅ ወደድኩ፤ እሱም ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ቆመው፣ ተለምነው ከተቀመጡ በኋላ ስለ ልጁ ጠባይና ቤተሰብ ተናገሩ። አባቴ ሁሉንም በጸጥታ ሰምቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

"ይነዳል?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መኪና አለው ወይ ያላቸው መሰላቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና እንደ ማፈር ብለው "ለጊዜው እንኳ መኪና የለውም፤ ወደፊት ግን እግዚአብሔር ሲፈቅድ…" አሉ።

"የለውም?" አለ አባቴ ፊቱ በርቶ። "ጎሽ!"

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና ዓይኗን ወደ ጣሪያ ስትሰቅል እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ አማቹ መኪና ስለሌለው እንዲህ የተደሰተ አባት አይተን አናውቅም እያሉ ሲያወሩ ከረሙ።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ፤ እሁድ። የሠርጉ ሳምንት ማክሰኞ አባቴ ከወረዳ አንድ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ሳሎን ገብቶ ቆመ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። እናቴ ሠላሳ ምናምን ዓመት አብራው ኖራለችና ወዲያው ገባት።

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"ተራችን ደርሷል" አለ። "የራዳሩ።"

"እሰየው። መቼ ነው?"

አባቴ ደብዳቤውን ዘረጋላት። እናቴ መነጽሯን ፈልጋ አነበበች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

"ቀኑን አስቀይር" አለችው።

"ካለፈን ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል?"

"እና ልጅህን ማን ይመርቃታል? ራዳሩ?"

"ሠርገኛው የሚደርሰው በአምስት ሰዓት ነው። እኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ ቦታውን አሳይቼ፣ ለቲቸር አስረክቤ፣ በሦስት ሰዓት እዚህ ነኝ።"

"ምን ለብሰህ?"

"ሱፌን። ሰደሪያውን ከላይ ደረብ አደርጋለሁ።"

ሰደሪያው ያ ብርቱካናማ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያንጸባርቀው የኮሚቴው ሰደሪያ ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ እስከ ሐሙስ አላናገረችውም።

እሁድ ጠዋት ቤታችን የሚታወቅ ቤት አልነበረም። ድንኳኑ ግቢውን ሞልቶታል፤ አክስቶቼ ከጓሮ ይጯጯሃሉ፤ አራት ሚዜዎቼ በአንድ መስታወት ይጋፋሉ፤ እኔ ቬሎዬን ለብሼ አልጋ ጫፍ ላይ እንዳልጨማደድ ቀጥ ብዬ ተቀምጫለሁ። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አባቴ የለም። እናቴ የአክስቴን ልጅ ላከችበት። ሳጅኗ ከሌላ ቦታ ስለመጣች ዘግይታ ገና አሁን ጀመርን፣ ትንሽ ታገሱኝ ብሎ መለሰ። አራት ሰዓት ሆነ፤ የለም። ከአምስት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ስልኬ ጮኸ። ሙሽራው ነው።

"የት ደረሳችሁ?" አልኩት።

"ደርሰናል። ማለት… አልደረስንም።"

"ምን ሆናችሁ?"

"አባትሽ አስቆሙን።"

ከበስተጀርባው ጥሩምባ ይሰማል፣ ጭብጨባ ይሰማል፣ አንድ ሰው ደግሞ "ሠርገኛ ነን እኮ! ሠርገኛ!" እያለ ይጮሃል።

"ምን ብሎ ነው ያስቆማችሁ?"

"ሰባ አራት አሉን።"

የሆነውን ቆይቼ ከእሱም ከቲቸርም በዝርዝር ሰምቻለሁ። ፎቶ አንሺው አበባ መሃል እያቆመ፣ እያስቀመጠ፣ አገጫቸውን እያቃና አዘግይቷቸዋል። የሙሽራውን መኪና የሚነዳው አንደኛ ሚዜው ነው፤ የልጅነት ጓደኛው፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ አፍ ያለው። ሰዓቱን ሲያይ ደነገጠና ረገጠው። ባሌ "ቀስ በል" አለው። ሚዜው "ሙሽራ ዛሬ አይናገርም፤ ይታያል ብቻ" አለው። ባሌ ደግሞ "ቀስ በል" አለው። ሚዜው ጥሩምባውን ነፋ። ከኋላ ያሉት ዘጠኝ መኪኖችም የፊቱን ተከትለው እየነፉ ረገጡት። የቪዲዮ ባለሙያው ከፊት በምትሄድ ሌላ መኪና ጣሪያ ብቅ ብሎ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀርጻል፤ ስለዚህ ራዳሩን አላየም። ያየው የሙሽራው ፊት በአንዴ ሲለወጥ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ቪዲዮው ላይ አለ፤ ባሌ እጁን ከአፉ ላይ አንስቶ ዓይኑን ሲያፈጥ።

ሳጅኗ ራዳሩን አነጣጥራ ቁጥሩን አነበበች። "ሰባ አራት!" ምልክቱ ላይ የተጻፈው አርባ ነው። አባቴ "ቁም" የሚለውን ባለ እጀታ ምልክት ይዞ ወደ መንገዱ ገባ። መኪናው ቆመ። አባቴ መጀመሪያ ሪባኑን አየ፣ ቀጥሎ አበባውን አየ፣ ቀጥሎ በመስኮቱ አጎንብሶ አማቹን አየ።

"አባባ፣ ደህና አደሩ" አለ ባሌ።

ሳጅኗ ምንም አታውቅም። መጣችና ለአባቴ ብቻ እንዲሰማ ዝቅ አድርጋ "ሠርገኞች ናቸው። ለዛሬ መክሬ ልሸኛቸው እችላለሁ። ሰፈሩ የእርስዎ ነው፤ ምን ላድርግ?" አለችው።

በዚያ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውም፣ ከጸሎት ቤት የሚመለሰውም፣ ጉሊት የምትሸጠውም ሁሉ እዚያ ቆሟል። ሰፈሩ ደግሞ ሠርጉን ያውቃል፤ ግማሹ የተጠራ ነው። አንዲት ሴትዮ "ኧረ የራሳቸው አማች ነው!" አሉ ጮክ ብለው።

ሳጅኗ ወደ አባቴ ዞረች። "የእርስዎ አማች ነው?"

"ነው" አለ አባቴ። ከዚያ ሰዓቱን አየ። "ማለት… ገና አልሆነም። ከምሳ በፊት ይሆናል።"

ሰው ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም። ወደ ቲቸር ዞሮ አየ። ቲቸር በክራንቻቸው ተደግፈው፣ የመዝገቡን ደብተር ከፍተው፣ እስክሪብቶአቸውን ከወረቀቱ ጥቂት ከፍ አድርገው ይጠብቃሉ። ሒሳብ ሲያስተምሩም እንዲሁ ነበሩ፤ ሰሌዳው ጋ አቁመውሽ ዝም ነው።

"ጻፊ" አላት አባቴ ሳጅኗን።

"ሁሉንም?"

"ከአርባ ያለፈውን ሁሉ።"

አሥራ አንዱም አልፈዋል። ሚዜው ከመኪናው ወረደ፤ ሱፍ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ። "ጋሼ! በሠርግ ቀን! ሙሽሪት እየጠበቀች!"

አባቴ ትከሻው ላይ እጁን አደረገ። "ስማኝ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀስ ብዬ የነዳሁት ማታ ማታ ወደዚች ልጅ ለመመለስ ነው። አንተ ደግሞ ዛሬ ይሄንን ልጅ ሳታደርስላት ልትቀር ነበር።"

ያ ሁሉ አፍ ያለው ሰው ደረቱ ላይ የሰካውን አበባ ማስተካከል ጀመረ። ባሌ ወርዶ አባቴ ፊት አጎነበሰ።

"ልክ ነዎት አባባ።"

"ቀስ በል አላልከውም?"

"ሁለቴ ብዬዋለሁ።"

"ሦስተኛውን ለምን ተውከው?"

ባሌ ስልክ የደወለልኝ ይሄኔ ነው። የነገረኝን ስሰማ መጀመሪያ ላለመሳቅ ታገልኩ፤ ፊቴ ላይ ሁለት ሰዓት የተለፋበት ቀለም አለ። ከዚያ አልቻልኩም። ሚዜዎቼ ያለቀስኩ መስሏቸው መሐረብ ይዘው ተንጋጉ። እናቴ ገባች። "ምንድን ነው? ምን ሆነ?" ትላለች፤ እኔ "ሰባ… ሰባ አራት…" እያልኩ ትንፋሼ ያጥረኛል። በመጨረሻ ስነግራት አልጋው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ የተቀመጠችው ደግሞ ቬሎዬ ጫፍ ላይ ነው።

"ሰውዬው አበደ" አለች ቀስ ብላ።

"እኔ ልሄድ ነው" አልኩ።

"ሙሽራ ከቤት አትወጣም!"

"ሙሽራው ካልገባ ምን ላድርግ?"

ግቢያችን በር ላይ ለመጠጥ የሚሆን በረዶ ያመጣ ባጃጅ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ቀጭን፣ ኮፍያውን ገልብጦ ያደረገ ሰው ነው። ቬሎዬን አየ፣ ባጃጁን አየ።

"እህቴ፣ ይገባል ብለሽ ነው?"

"ግፋው!" አልኩት።

ከግራ ገፉት፣ ከቀኝ ገፉት፤ እኔ መሃሉ ላይ እንደ ጥጥ ከረጢት ታጨቅሁ። መቀመጫው በቀለጠ በረዶ ርሷል፤ ቅዝቃዜው ወደ ላይ ሲወጣ ጮህኩ። የቬሎው ጅራት አልገባ ስላለ ሁለት ሚዜዎቼ ጫፉን ይዘው ከኋላ ሊሮጡ ሆነ። "ቀስ በል" አልኩት ሹፌሩን፤ "ልጆቹ ይወድቃሉ።"

"ደግሞስ ራዳር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ" አለኝ በጣም በቁም ነገር።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ሩቅ ሆኖ ሕዝቡ ሲታየኝ፣ የተደረደሩት መኪኖች ሪባናቸው ሲውለበለብ፣ አባቴ ብርቱካናማውን ሰደሪያ ሱፉ ላይ ደርቦ መሃል መንገድ ቆሞ ሲታየኝ፣ ከኋላዬ ደግሞ ሚዜዎቼ "ቀስ! ቀስ! ጫማዬ!" እያሉ ሲሮጡ ስሰማ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። እያስፈራኝ ነው የተደሰትኩት፤ ዥዋዥዌ ላይ ከፍ ብሎ እንደወጣ ልጅ።

ሳጅኗ ባጃጁን ስታይ ምን እንደታያት እንጃ ራዳሩን አዞረችብን። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ጮክ ብላ "አሥራ አንድ!" አለች።

ሕዝቡ እልል አለ። አባቴ "ቁም" የሚለውን ምልክት ወደ ላይ አንስቶ "አያችሁ?" አለ ወደ ሠርገኞቹ ዞሮ። "መምጣት እንዲህ ነው!"

ከባጃጁ ስወጣ ባሌ እጄን ያዘኝ። "ረጥበሻል" አለኝ። "በረዶ ነው" አልኩት። ይሄው ነው፤ የሠርጋችን ቀን የመጀመሪያ ንግግራችን።

ወዲያው ከኋላ የሀበሻ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ እናቴ ደረሰች። በእግሯ ነው የመጣችው። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላት። አባቴ ምልክቱን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ።

"አንተ ሰውዬ!" አለችው።

"ስሚኝማ…"

"ዝም በል።" አጠገቡ ስትደርስ ግን ቲቸርን አየቻቸው፤ ክራንቻቸውን፣ ደብተራቸውን። እናቴ ሽንኩርቱ አስፋልት ላይ ተበትኖ ያየች ሰው ናት፤ ያን ቀን አንድ በአንድ የለቀመችውም እሷ ነች። ያሰበችውን ሳትናገር ቀረች። ወደ ሳጅኗ ዞረች።

"ስንተኛው መኪና ላይ ደርሰሻል ልጄ?"

"አራተኛው ላይ፣ እማማ።"

"አሥራ አንደኛው ላይ እስክትደርሺ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ሹፌሮቹ ይቆዩና ይጻፍባቸው። የቀራችሁት ውረዱ! በእግር ነው የምንሄደው።"

ማንም አልተከራከረም። ከአሥራ አንድ መኪና ስንት ሰው እንደሚወጣ ያን ቀን ነው ያየሁት። አጎቶች፣ አክስቶች፣ ከረባት ያነቃቸው ልጆች፣ ጫማቸውን በእጃቸው የያዙ ሴቶች ወረዱ። መንገዱን የምናቋርጠው በዜብራው ነው፤ አባቴ በሌላ በኩል አልፈቀደም። ራሱ መሃል ገብቶ ሁለቱንም አቅጣጫ አስቆመ። ባሌ ምንም ሳይባል ለቲቸር ክንዱን ሰጠና ከፊት አደረጋቸው። ስለዚህ ሠርጉ ሁሉ በእሳቸው እርምጃ ሆነ፤ ክራንቻቸው ጠቅ ሲል አንድ እርምጃ፣ ጠቅ ሲል ሌላ እርምጃ። ዘፈኑም ከዚያ ጋር ተስማማ፤ ከበሮ መቺው የእሳቸውን ክራንች ተከትሎ ነበር የሚመታው። የቆሙት መኪኖች ሹፌሮች ወርደው ያጨበጭባሉ። አንድ የሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እስክስታ ይመታል፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እጃቸውን ያወጣሉ። ቲቸር መሃል ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ደከማቸው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ግራና ቀኝ የቆሙትን መኪኖች አዩ፣ እንደገና አዩ።

"ሁሉም ቆመዋል" አሉ ለባሌ። "እስቲ ቀስ እንበል።"

ቤት ስንደርስ ሌላ ጣጣ ጠበቀን። የሙሽሪት ወገን በሩን ዘግቶ ሙሽራውን አናስገባም ማለት አለበት፤ ደንብ ነው። እኛ ግን ሙሽሪትም ሙሽራውም ከውጭ ነን። ሚዜዎቼ ተያዩና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጠው ቀድመው ገቡ፤ በሩን በሁለታችንም ላይ ዘጉት። እኔም ከባሌ ጎን ቆሜ የገዛ ቤቴን በር "እባካችሁ አስገቡን" እያልኩ ለመንኩ። ባሌ ሲስቅ ያን ቀን አፉን አልሸፈነም።

አባቴ የመረቀን ሰደሪያውን እንደለበሰ ነው። ረስቶት ነበር፤ የነገረውም የለም። እናቴ አይታዋለች፤ ሆን ብላ ነው ዝም ያለችው። የምርቃቱ ፎቶዎች ሁሉ ላይ ከባሌ ጥቁር ሱፍና ከእኔ ነጭ ቬሎ መሃል አንድ ብርቱካናማ ነገር ያበራል። ሳጅኗ አሥራ አንደኛውን ጽፋ ስትጨርስ በእናቴ ግድ ምሳ በላች፤ ራዳሩን ግን ለማንም አላስያዘችም፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው የበላችው። ሚዜው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ጥቂት ካኮረፈ በኋላ፣ ይሄ ነገር በስንት ሜትር ነው የሚይዘው ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

በመልሱ ዕለት አባቴ ከሰው ለየት አድርጎ በረንዳው ላይ ወሰደኝ። ፀጉሩን ተስተካክሏል፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይን ነው።

"ተቀይመሽኛል?" አለኝ።

"አባዬ…"

"እውነቱን ንገሪኝ። 'ጻፊ' ስላት ድምፄ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ልጅቷ 'ልሸኛቸው' ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው 'እግዚአብሔር ይስጥሽ' ነው። በስንት መከራ መለስኩት።"

አንገቱን አቅፌ ስስቅ እሱም ሳቀ፤ ሁለታችንም በረንዳው ግድግዳ ላይ ተደግፈን እናቴ "ምን አገኛችሁ?" ብላ እስክትወጣ ሳቅን።

ቪዲዮው ከቤታችን ወጣ። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ እኔ ሚዜውን ነው የምጠረጥረው። መጀመሪያ ሰፈሩ ተቀባበለው፣ ቀጥሎ ሌሎች ሰፈሮች፣ በመጨረሻ አባቴ ሲመላለስባቸው የነበሩት ቢሮዎች ደረሰ። ጠሩት። በዚህ ጊዜ ከአራቱም ቢሮ አንድ አንድ ሰው በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ነበር። አባቴ የገረመው ካሜራው አልነበረም። "ለካ ይተዋወቃሉ!" አለን ሲመጣ።

ከክረምቱ በኋላ ካሜራው ተተከለ። ከዜብራው በላይ፣ ረጅም ዘንግ ላይ። አብሮት የመጣው ወረቀት ደግሞ የመሣሪያውን ጥበቃ፣ ቅርንጫፍ እንዳይጋርደው ማየቱን፣ ሲበላሽ ቶሎ ማሳወቁን የነዋሪው ኃላፊነት ያደርገዋል። ስለዚህ አዲስ የኮሚቴ ምርጫ ተጠራ። አባቴ ሱፉን ለብሶ ሄደ። ሰብሳቢነቱ እንደሚታደስለት አልተጠራጠረም።

ቲቸር እጃቸውን አውጥተው እናቴን ጠቆሙ።

"እኔ?" አለች እናቴ። "እኔ ስለ መኪና ምን አውቄ?"

"ያን ቀን እሳቸው አስቆሙ" አሉ ቲቸር አባቴን እያሳዩ። "ማስቆም ጥሩ ነው። የቆመውን እንዴት እንደሚያስኬዱት ያወቁት ግን እርስዎ ነዎት።"

በሙሉ ድምፅ ተመረጠች። አባቴም እጁን አውጥቷል፤ ትንሽ ዘግይቶ ነው እንጂ።

እኔ አሁን የምኖረው ብስራተ ገብርኤል ነው። እሁድ ጠዋት ስደውል እናቴ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነች። ባለፈው ስደውል ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮህ ነበር።

"አሁን አልችልም" አለችኝ። "ዛፉ ካሜራውን ጋርዶታል። ማስቆረጥ አለብኝ።" ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ "ዝቅ! ዝቅ በል! ያንን አይደለም፣ ከጎኑ ያለውን ነው ያልኩህ!" ስትል ሰማኋት።

"ማንን ነው?" አልኳት።

"አባትሽን ነዋ። መሰላል ላይ ነው።"

"እማዬ! በዚህ ዕድሜው!"

"ቲቸርም እሱን ይላሉ። እሳቸው መሰላሉን ይዘውለታል፤ አታስቢ።" ከሩቅ የአባቴ ድምፅ ተሰማኝ፤ ሳቅና ብሶት የተቀላቀለበት። "ልጄ ናት? በያት፣ ይቺ ሰብሳቢ ከባድ ሰው ናት በያት!"